ከደወሉ በኋላ ያሉት ሦስት ሰዓቶች፦ ለልጆች የሚሰጠው ዕርዳታ በአሜሪካ እንዴት ተጀመረ?



በምንኖርበት አገር የትምህርት ቤት ደወል የሚደወለው እኛ ከቀኑ 9 ሰዓት በምንለው፣ ፈረንጆቹ 3 ሰዓት በሚሉት ጊዜ ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት ቤቱ የሚገኝ ወላጅ ከመካከላችን ስንት ነው? አባት ታክሲ ላይ ወይም ፓርኪንግ ውስጥ ነው። እናት ሆስፒታል ወይም ሆቴል ናት። ልጅ ቁልፉን በአንገቱ አንጠልጥሎ ይመጣና በሩን ከፍቶ ይገባል፤ ያገኘውን ቀማምሶ ወላጁ እስኪመጣ እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ብቻውን ይቆያል። አገር ቤት ቢሆን አያት አለች፤ ጎረቤት አለ፤ ሲያጠፋ የሚቆጣው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነው። እዚህ ግን ጎረቤቱ ቴሌቪዥንና ስልክ ነው፤ ከዚያ የባሰ እንደሆነም መንገድ ነው።

በ1990ዎቹ የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ያስጠናቸው ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በትምህርት ቀናት ወጣቶች ጠብና ወንጀል ውስጥ የሚገቡበት ዋናው ጊዜ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ትምህርት ቤት ከተለቀቀ በኋላ ያሉት ጥቂት ሰዓቶች ናቸው። ወላጅ ሥራ ላይ፣ ልጅ ሜዳ ላይ በሚሆኑበት ሰዓት ማለት ነው።

በየኮሚዩኒቲው ስብሰባ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ "ለዚህ ነገር መንግሥት የሚሰጠው ገንዘብ አለ፤ ለምን ግራንት አንጠይቅም?" የሚለውም ስለዚህ ነው። ሁሉም ይስማማል፤ ኮሚቴ ይመረጣል፤ ቡና ተጠጥቶ ስብሰባው ይበተናል።

እኔም ከዓመታት በፊት እንዲህ ካለው ኮሚቴ አንዱ አባል ነበርኩ። ከሥራ መልስ እያመሸን አንድ ፕሮፖዛል ጻፍን። አስተማሪ እንቀጥራለን፣ ኮምፒውተር እንገዛለን፣ አውቶቡስ እንከራያለን አልን። መልሱ በአንድ ገጽ መጣ። "በአሁኑ ጊዜ ስንት ልጆች ታገለግላላችሁ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ አልሰጣችሁም ይላል። እውነት ነው፤ አንድም ልጅ አልነበረንም። "ገንዘብ ሳይኖረን ልጆቹን በምን እንሰብስባቸው?" ብለን ተናደድን፤ ኮሚቴውም በዚያው ተበተነ። እኔ ግን ንዴቱ ሲበርድልኝ፣ የዚህ አገር ሰዎች ራሳቸው ይህን ሥራ በምን ገንዘብ እንደጀመሩት ለማወቅ ወደ ቤተ መጻሕፍት መመላለስ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ከዚህ ቀጥሎ አቀርባለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሥራው የተጀመረው በሴቶች ነው

ነገሩ የሚጀምረው በ1860 ሃርትፎርድ በምትባለው የኮኔቲከት ከተማ ነው። ሦስት ሴቶች በየመንገዱ የሚዞሩትን ወንዶች ልጆች አይተው፣ ሰብስበው የሚያጫውቱበትና የሚያስተምሩበት አንድ ክበብ ከፈቱ። መንግሥት አላዘዛቸውም፤ በጀትም አልነበራቸውም። ሌሎች ከተሞች አይተው ተከተሉ፤ በ1906 ደግሞ 53 ክበቦች ተባብረው አንድ ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ ቦይስ ኤንድ ገርልስ ክለብስ ኦፍ አሜሪካ እየተባለ በየከተማው የምናየው ትልቅ ድርጅት ከዚያ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ በቀጥታ የስደተኛ ታሪክ ነው። በ1889 ጄን አዳምስ እና ኤለን ጌትስ ስታር የተባሉ ሁለት ወጣት ሴቶች በቺካጎ ከተማ ጣሊያኖች፣ ጀርመኖች፣ ግሪኮችና ከሩሲያ ግዛት የመጡ አይሁዶች ተጨናንቀው በሚኖሩበት ሰፈር አንድ አሮጌ ቤት ተከራዩ። ኸል ሐውስ ይባላል። ጄን አዳምስ ከአባቷ የወረሰችውን ገንዘብ እዚያ ላይ አዋለች፤ የቤቱ ባለቤትም ኋላ ላይ ኪራዩን ተወችላቸው። በመጀመሪያ የከፈቱት መዋዕለ ሕፃናት ነበር። ቀጥሎ ከትምህርት ቤት ለሚመለሱ ልጆች ክበብ፣ የሙዚቃ ትምህርት፣ የእጅ ሥራና መጫወቻ ሜዳ ጨመሩ። ኋላ ላይ በጃዝ ሙዚቃ ስሙ የገነነው ቤኒ ጉድማን፣ የድሃ ስደተኞች ልጅ ሳለ፣ ክላርኔቱን ይዞ የተጫወተው በኸል ሐውስ የልጆች ባንድ ውስጥ ነበር።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የኸል ሐውስ ሰዎች በየቤቱ እየዞሩ የሰፈሩ ቤተሰብ ከየት አገር እንደመጣና በሳምንት ምን ያህል እንደሚያገኝ መዘገቡ። ያንንም በቀለም በተሠራ ካርታ አስደግፈው በ1895 መጽሐፍ አድርገው አወጡት። ከዚያ በኋላ ባለጠጋ ዘንድም ሆነ ባለሥልጣን ፊት ሲቀርቡ "ልጆቹ ተቸግረዋል" ብለው ብቻ አይለምኑም ነበር፤ ችግሩ በየትኛው መንገድ፣ በየትኛው ቤት እንዳለ በቁጥር ያሳያሉ። ጄን አዳምስ በ1931 የኖቤልን የሰላም ሽልማት አገኘች።

ስድስት ሺህ ዶላርና አምስት ትምህርት ቤቶች

ሦስተኛው ታሪክ በሚሺጋን ስቴት፣ ፍሊንት በምትባል የመኪና ፋብሪካዎች ከተማ ነው። ጊዜው 1935፣ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ሥር የወደቀችበት ዘመን ነው። አባቶች ሥራ ፈትተዋል፤ ልጆች መንገድ ላይ ናቸው። ፍራንክ ማንሊ የተባለ የስፖርት መምህር በከተማው ሮታሪ ክለብ ግብዣ ላይ ቆሞ ንግግር አደረገ። ልጆቹ የሚጫወቱበት አጥተው ለጥፋት ተጋልጠዋል፤ በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩት ትምህርት ቤቶች ግን ከቀትር በኋላ ተቆልፈው ይውላሉ፤ ለምን አይከፈቱም? የሚል ነበር።

ከአድማጮቹ መካከል ቻርልስ ስቱዋርት ሞት የተባለው የጄኔራል ሞተርስ ባለሀብት ነበረ። ይህ ሰው ቀደም ሲል የከተማይቱ ከንቲባ የነበረና በ1926 በስሙ ፋውንዴሽን ያቋቋመ ነው። ነገሩ ገባውና 6,000 ዶላር ሰጠ። በዚያ ገንዘብ አምስት ትምህርት ቤቶች ከትምህርት ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ለልጆች ተከፈቱ። ሕንፃ አልተሠራም፤ የተፈለገው ቁልፉን የሚይዝና ልጆቹን የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነበር። ሥራው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በከተማው ሁሉ ተስፋፋና ወላጆችም ማታ ማታ ይማሩበት ጀመር። ከሌሎች ከተሞች ሰዎች እየመጡ አይተው ተመለሱ።

ይህን ስድስት ሺህ ዶላር አንባቢ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ ተመልሰን እናገኘዋለን።

መንግሥት መጣ፤ መንግሥት ሄደ

የፌዴራል መንግሥት በዚህ ሥራ ውስጥ በሰፊው የገባው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ወንዶች ዘመቱ፤ ሴቶች አውሮፕላንና መርከብ ወደሚሠራበት ፋብሪካ ገቡ። በአንገታቸው ቁልፍ ያንጠለጠሉ ልጆች ነገር የአገር መነጋገሪያ የሆነው ያን ጊዜ ነው። እኛ ዛሬ የእኛ ብቻ የሚመስለን ችግር የፈረንጆቹም ችግር ነበር። ላንሃም አክት በተባለው የ1940 ሕግ መሠረት፣ ለጦር ፋብሪካ ከተሞች ከተመደበው ገንዘብ ላይ ለልጆች መዋያ ተቀነሰ። ለሕፃናት ብቻ ሳይሆን ከትምህርት ቤት ለሚመለሱ ልጆችም ቦታ ተዘጋጀ። እስከ 1946 ድረስ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ፤ እናቶችም የድርሻቸውን በቀን ትንሽ ትንሽ ይከፍሉ ነበር።

ጦርነቱ አለቀ፤ በ1946 መጀመሪያ ገንዘቡም ቆመ። በአብዛኛው አገር መዋያዎቹ ተዘጉ። በካሊፎርኒያ ግን እናቶች ተሰብስበው፣ ፈርመው፣ እንደራሴዎቻቸውን ወጥረው ያዙ፤ የስቴቱ መንግሥትም በራሱ ገንዘብ ቀጠለበት። ከፌዴራሉ ብቻ ይጠብቅ የነበረው ሲዘጋበት፣ ሁለተኛ ምሰሶ ያቆመው ቆመ ማለት ነው።

ዛሬ ያለው ትልቁ ገንዘብ

አሁን የብዙዎቻችን ጆሮ የሰማው፣ በስሙ "የ21ኛው ክፍለ ዘመን የኅብረተሰብ መማሪያ ማዕከላት" የተባለው የፌዴራል ገንዘብ በሕግ የተደነገገው በ1994 ነው። ሲጀመር እጅግ ትንሽ ነበር፤ በ1995 የተመደበለት 750,000 ዶላር ብቻ ነው። በ1998 ግን 40 ሚሊዮን ሆነ፤ በ1999 200 ሚሊዮን፤ በ2002 1 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በ1998 ከመንግሥት ጋር ሆኖ ሥልጠናውንና ጥናቱን በራሱ ገንዘብ ለመደገፍ የቆመው ማን ነበር? ያው በፍሊንት ከተማ በ6,000 ዶላር የጀመረው የሞት ፋውንዴሽን ነው። 63 ዓመት ሙሉ ሲሠራበትና ሲያሳይ የቆየውን ነው መንግሥት የወሰደው።

ለእኛ ለስደተኞች ከሁሉ የሚጠቅመው ለውጥ የመጣው ግን በጃንዋሪ 2002 በተፈረመው የትምህርት ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ይህን ገንዘብ መጠየቅ የሚችሉት ትምህርት ቤቶች ነበሩ። በአዲሱ ሕግ ገንዘቡን የማደል ሥራ ለየስቴቱ ተላለፈ፤ ትምህርት ቤት ያልሆኑ የኮሚዩኒቲና የሃይማኖት ድርጅቶችም እንዲወዳደሩ ተፈቀደ። የሚያሸንፍ በዓመት ከ50,000 ዶላር የማያንስ፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚቆይ ገንዘብ ያገኛል። ቅድሚያ የሚሰጠውም አነስተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች የሚበዙበት ትምህርት ቤትና አንድ የኅብረተሰብ ድርጅት ተባብረው ለሚያቀርቡት ጥያቄ ነው።

ይህም ገንዘብ ቢሆን አስተማማኝ ሆኖ አያውቅም። በ2003 አንድ የመንግሥት ጥናት ፕሮግራሙ በልጆቹ ትምህርት ላይ ያመጣው ለውጥ አነስተኛ ነው አለ፤ ወዲያውም ከ1 ቢሊዮን ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር እንዲወርድ በበጀት ተጠየቀ። ወላጆችና የፕሮግራሙ ሠራተኞች ተነሡ። በካሊፎርኒያ ለዚሁ ጉዳይ የሕዝብ ድምፅ ያስደገፈው የፊልም ተዋናዩ አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ሳይቀር ሴኔት ቀርቦ ተናገረ። ገንዘቡ ሳይቀነስ ቀረ። በጁላይ 2025 ደግሞ ለስቴቶች መለቀቅ የነበረበት 1.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በዋሽንግተን ተያዘ፤ ብዙ ጩኸት ከተሰማ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ተለቀቀ። በእነዚያ ሳምንታት ሠራተኛ ልሰናበት ወይስ ልጠብቅ ብሎ ያልተጨነቀ አነስተኛ ድርጅት ጥቂት ነው።

እኛስ?

የእኛም ታሪክ በዚህ ውስጥ ባዶ አይደለም። በማርች 1980 የስደተኞች ሕግ ከተፈረመ በኋላ ከሱዳን መጠለያዎች ብዙ ወገኖቻችን መጡ። ሕጉ ስደተኞች ራሳቸው የሚያቋቁሟቸው የመረዳጃ ማኅበራት ድጋፍ የሚያገኙበትን በር ከፈተ። በ1983 በቨርጂኒያ አርሊንግተን የተቋቋመው ኢትዮጵያን ኮሚዩኒቲ ዴቨሎፕመንት ካውንስል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አዲስ የመጣውን ኢትዮጵያዊ በመርዳት ጀመረ፤ ቀስ በቀስ ከብዙ አገር የሚመጡ ስደተኞችን ከሚያሰፍሩት ብሔራዊ ድርጅቶች አንዱ ለመሆን በቃ። እሱም ቢሆን ከትንሽ ነው የተነሣው።

መደራጀትማ ለእኛ ማን ያስተምረናል? ዕድር በመዝገብ ነው የሚሠራው፤ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ማን ተቀጣ ተብሎ ይጻፋል። ዕቁብም ዳኛና ጸሐፊ አለው። የሚገርመው፣ ለሞተ ሰው እንዲህ አጥብቀን የምንይዘውን መዝገብ በሕይወት ላሉት ልጆቻችን አለመያዛችን ነው። ፈረንጆቹ በ1914 በክሊቭላንድ የጀመሩትና ዛሬ በትልልቅ ከተሞች የሚገኘው የከተማ ፋውንዴሽን እንኳ፣ ብዙ ሰው ያዋጣውን በአንድ ቋት አድርጎ ለአካባቢው ጥቅም ማዋል ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን እኛ ቀድመን እናውቀው ነበር።

ከታሪኩ የያዝኩት

አንደኛ፣ ልጆቹን ከገንዘቡ በፊት መሰብሰብ ነው። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ አዳራሽ፣ በቤተ መጻሕፍት ክፍል፣ በሳምንት ሁለት ቀንም ቢሆን ይጀመር። በየቀኑ የመጣው ልጅ ስም፣ ዕድሜ፣ ትምህርት ቤትና የቆየበት ሰዓት ይመዝገብ። ወላጅ ፈቃዱን በፊርማ ይስጥ፤ ከልጆች ጋር የሚውል ሰው ሁሉ የፖሊስ ማጣሪያ ይለፍ። ሰኔ ሲደርስ የልጁ ውጤት ከመስከረሙ ጋር ይተያይ። በ2003 የፕሮግራሙ ደጋፊዎች የተቸገሩት በዚሁ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቱን መያዝ ነው። ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄዶ "በእናንተ ዘንድ የሚማሩ የእኛ ልጆች እነዚህ ናቸው፤ እኛ ቋንቋቸውንና ወላጆቻቸውን እናውቃለን" ማለት ነው። ትልቁን የስቴት ገንዘብ ትምህርት ቤቱ ይጠይቅ፤ እኛ በሥሩ አጋር እንሁን። ለጀማሪ ይሻላል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የመንግሥት ገንዘብ የሚከፈለው ቀድሞ ከኪስ ወጥቶ ደረሰኝ ሲቀርብ ነው። ያን የሚችል ካዝና የሌለው ማኅበር ግራንት አሸንፎ ሊከስር ይችላል። የራሱ የግብር ነፃ ፈቃድ የሌለው ማኅበርም ፈቃድ ያለውን ድርጅት ገንዘቡን ተቀብሎ እንዲያስተዳድርለት መጠየቅ ይችላል፤ ፊስካል ስፖንሰር ይባላል። ውሉ ግን በጽሑፍ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ትናንሾቹን በሮች ማንኳኳት ነው። ከ1969 ወዲህ ባለው ሕግ የግል ፋውንዴሽኖች በየዓመቱ ከሀብታቸው የተወሰነውን፣ በአሁኑ ጊዜ 5 በመቶ ያህሉን፣ ለበጎ ሥራ ማዋል አለባቸው። ለማን ስንት እንደሰጡም 990 ፒ.ኤፍ. በተባለው ዓመታዊ ቅጽ ላይ ይጽፋሉ፤ ቅጹም ለማንም ክፍት ነው። በብዙ ከተሞች ያለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካንዲድ የተባለው ድርጅት ያዘጋጀውን የፋውንዴሽኖች ዝርዝር በነፃ ያሳያል። ለመሰላችን ማኅበር፣ በሰፈራችን ላለ፣ በልጆች ጉዳይ ላይ ገንዘብ የሰጠውን ፈልጎ ለእሱ ብቻ መጻፍ ይሻላል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ የሚበትን ከማንም አያገኝም።

አራተኛ፣ በአንድ ምሰሶ አለመቆም ነው። ከወላጅ ትንሽ መዋጮ፣ ከምግብ ቤቶቻችን መክሰስ፣ ከከተማው አስተዳደር አዳራሽ፣ ከፋውንዴሽን መጽሐፍ መግዣ፣ ከስቴቱ የአስተማሪ ደመወዝ። አንዱ ቢወድቅ ልጆቹ መንገድ ላይ አይወድቁም።

እንግዲህ ስለዚያች ስለተበተነችው ኮሚቴ ልንገራችሁና ላብቃ። ከሁለት ዓመት በኋላ አራት ሆነን እንደገና ተሰበሰብን። በዚህ ጊዜ ማንም ፕሮፖዛል አላነሣም። አንዲት እናት ከሥራዋ ኦፍ የምትሆንበትን ማክሰኞ ሰጠች፤ አንድ የኮሌጅ ተማሪ ሐሙስን ወሰደ። በአንድ አዳራሽ ምድር ቤት በአሥራ አንድ ልጆች ጀመርን፤ አንድ ደብተር ገዝተን ስማቸውን ጻፍን። በዓመቱ ያንኑ ደብተር ይዘን በሰፈሩ ወዳለ አንድ አነስተኛ ፋውንዴሽን ሄድን። የጠየቁን ያው የጥንቱ ጥያቄ ነበር፤ "በአሁኑ ጊዜ ስንት ልጆች ታገለግላላችሁ?" ደብተሩን ከፍተን አሳየናቸው። የሰጡን ገንዘብ ብዙ አልነበረም፤ ለመጽሐፍና ለመክሰስ ግን ዓመቱን በቃን።

ሃርትፎርድም፣ ቺካጎም፣ ፍሊንትም እንዲሁ ነበር የተጀመረው። ልጆቹ ዛሬም በ9 ሰዓት ይለቀቃሉ። ደብተሩን የሚገዛ ማን ነው?